የሰርዶ የመሬት መንቀጥቀጥና የሠፈራ ቦታ አመራረጥ



መጋቢት 20 ቀን 1961 ዓ.ም. በአሰብ አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው የሰርዶ መንደር በሬክተር መለኪያ ከ6 በላይ በሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ፈረሰች። ከ20 የማያንሱ ሰዎች ሞቱ፤ ከመቶ የሚበልጡ ቆሰሉ። ይህ ቁጥር በድርቅ ካለቀው ሕዝብ ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ይመስል ይሆናል፤ ሰርዶ ግን ትንሽ መንደር ነበረችና ለነዋሪዎቿ ጥፋቱ ሙሉ ነበር።

በዚያን ጊዜ የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን አልነበረም። ኮሚሽኑ የተቋቋመው በ1966 ዓ.ም. በወሎው ረሀብ ምክንያት ስለሆነ የማስጠንቀቂያ ሥርዓቱም ዝናብን፣ ሰብልንና የእህል ዋጋን በመከታተል ላይ ተመሠረተ። የምድሩን ንቅናቄ የመመዝገቡ ሥራ ለዩኒቨርሲቲው የጂኦፊዚክስ ተቋም የተተወ ነበር። ሁለቱ መረጃዎች በአንድ ጠረጴዛ ላይ የተገናኙበት ጊዜ ጥቂት ነው።

አፋር የአፍሪካ፣ የሶማሊያና የዓረብ የመሬት ቅርፊቶች የሚለያዩበት ሥፍራ ነው። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም መሬት በጥቂት ቀናት ውስጥ ተሰንጥቋል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች መካከል ለወራት የዘለቀው ንቅናቄ፣ የካቲት 7 ቀን በመለኪያው 6 እስከ መድረስ ደርሶ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ አርብቶ አደሮችንና ገበሬዎችን ከቀያቸው አፈናቅሏል።

በእንዲህ ያለው አደጋ ሰውን የሚገድለው ከሁሉ በላይ በላዩ የሚወድቀው ግድግዳ ነው። ከእንጨትና ከሰሌን የሚሠራው የአፋር ጎጆ ቢወድቅም ነዋሪውን አይጨፈልቅም። በድንጋይና በጭቃ የተገነባ፣ ማሠሪያ የሌለው ቤት ግን ቤተሰቡን ይቀብራል። አርብቶ አደሩን በአንድ ሥፍራ የማስፈር ዕቅድ ሲነደፍ ጎጆው እንደ ኋላ ቀርነት፣ የድንጋዩ ቤት እንደ መሻሻል መታየቱ አሳሳቢ የሚሆነው ለዚህ ነው። ከሰርዶ ብዙ በማትርቀው በሰመራ ፎቅ እየተበራከተ ሲሄድ የሕንፃ ደንቡ በወረቀት ላይ መኖሩ ብቻ አይበቃም።

ለተፈናቃዮች ቦታ ሲመረጥ የውኃ ቅርበት ይጠየቃል፤ ይህ ተገቢ ነው። ሆኖም ገደል ሥርና የተሰነጠቀ መሬት አጠገብ ድንኳን መተከል የለበትም። ከብቶቹ ከሰዎቹ ጋር ካልተጓዙ ባለቤቶቻቸው ወደ አደጋው ቦታ ተመልሰው መሄዳቸው አይቀርም። ስንጥቁ የት እንደሚያልፍ፣ ፍል ውኃው የት እንደፈለቀ የአገሩ ሽማግሌዎች ያውቃሉ፤ ቀያሹ ካርታውን ይዞ ከመውጣቱ በፊት እነርሱን ሊጠይቅ ይገባል።