የባሕር መብራት ከምን ያህል ርቀት ይታያል?

(ለከተማው ነዋሪዎችና ለመንግሥት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



በቀይ ባሕር ዳርቻ የሚኖር ሰው ሁሉ ሌሊት ብልጭ ድርግም የሚለውን የባሕር መብራት ያውቀዋል። በየብስ ለሚኖረው የወደብ ጌጥ መስሎ ይታየው ይሆናል፤ ለመርከበኛው ግን የሕይወቱ ዋስትና ነው። ከምጽዋ ፊት ለፊት ያሉት የዳህላክ ደሴቶች ቁጥራቸው ከመቶ በላይ ነው፤ ብዙዎቹም ዝቅ ያሉ ስለሆኑ በጨለማ አይለዩም። በዙሪያቸው ኮራል የተባለው ዐለት ከውሃው በታች ተሸሽጎ ይገኛል። በእንዲህ ያለ ስፍራ የመብራቱን ርቀት ጥቂት ማይል ያህል የተሳሳተ አዛዥ መርከቡን ከነሰዎቹ ሊያጠፋ ይችላል።

በባሕር ካርታ ላይ በመብራቱ ምልክት አጠገብ የማይል ቁጥር ይጻፋል። «20» ተብሎ የተጻፈ እንደ ሆነ፤ ብዙ ሰው መብራቱ በማናቸውም ጊዜ ከ20 ማይል ላይ የሚታይ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ቁጥሩ የሚያመለክተው የመብራቱን ኃይል ብቻ ነው፤ ይኸውም በቀን እስከ 10 የባሕር ማይል ድረስ ለማየት በሚያስችል አየር፤ ብርሃኑ በሌሊት የሚደርስበትን ርቀት ነው። አንድ የባሕር ማይል 1,852 ሜትር ነው። መብራቱ በእውነት የሚታይበትን ርቀት የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንደኛው የምድር ክብነት፤ ሁለተኛው የአየሩ ጥራት። ከሁለቱም ያነሰውን ርቀት የሰጠው ፈራጅ ይሆናል።

ስለ ምድር ክብነት ሒሳቡ ቀላል ነው። የመብራቱ ከፍታ ከባሕሩ ወለል በላይ በሜትር ተለክቶ፤ የዚያ ቁጥር ካሬ ሥር በ2.08 ይባዛል። የተመልካቹም ዓይን ከፍታ እንዲሁ ይደረጋል፤ ከዚያም ሁለቱ ይደመራሉ። መብራቱ 36 ሜትር ከፍታ ቢኖረው፤ የ36 ካሬ ሥር 6 ስለሆነ፤ 12.5 ማይል ያህል ይሰጣል። በትልቅ መርከብ ላይ በ16 ሜትር ከፍታ የቆመ መኰንን የራሱን 8.3 ማይል ጨምሮ ከ21 ማይል ገደማ ላይ ያየዋል። በሳምቡክ ላይ ዓይኑ 4 ሜትር ከፍ ያለ ሰው ግን 4.2 ማይል ብቻ ስለሚጨምር፤ ከ17 ማይል ገደማ በፊት አያየውም። መብራቱ አንድ፤ ሌሊቱም አንድ ሆኖ ሳለ፤ የሁለቱ ሰዎች ድርሻ የተለያየ ነው።

የአየሩ ነገር ከዚህ የባሰ ነው። በቀይ ባሕር ነፋስ ከበረሃው አቧራ አምጥቶ አየሩን ያደበዝዛል። በካርታው 20 ማይል የተጻፈለት መብራት፤ አየሩ 2 ማይል ብቻ በሚያሳይበት ሌሊት፤ 6 ማይል እንኳ አይደርስም። ይህን የመብራቱን ኃይል በማብዛት ብቻ ማሸነፍ አይቻልም። 20 ማይል የሚደርሰው መብራት ኃይሉ እጥፍ ቢደረግ፤ በዚያው 10 ማይል በሚያሳየው አየር እንኳ የሚጨምረው 2 ማይል አይሞላም።

ከሁሉ የሚያስፈራው ስሕተት «መብራቱ ደካማ ነውና ሩቅ ነው» ማለት ነው። ብርቱ መብራት በአቧራ ውስጥ ቀርቦ ሳለ ደካማ ይመስላል። የትንሽ ጀልባ ፋኖስም በቅርብ ሳለ የሩቅ ግንብ መብራት ይመስላል። በ1972 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) የወጣው ዓለም አቀፍ የመርከቦች ግጭት መከላከያ ደንብ፤ ርዝመቱ 50 ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ መርከብ የምሰሶ መብራቱ ከ6 ማይል እንዲታይ ሲያዝዝ፤ 12 ሜትር ካልሞላ ጀልባ የጎን መብራት የሚጠይቀው 1 ማይል ብቻ ነው። ስለዚህ ዓይን በድምቀት ርቀትን ሊመዝን አይችልም።

ልምድ ያለው መርከበኛ ሌላ ዘዴ አለው። መብራቱ በአድማስ ላይ ብቅ ባለ ጊዜ ጥቂት ጎንበስ ይላል። ጎንበስ ሲል ጠፍቶ ቀና ሲል ከታየ፤ መብራቱ በምድር ክብነት ወሰን ላይ ነው፤ ያን ጊዜ በላይ የተነገረው ሒሳብ ርቀቱን ይሰጠዋል። ጎንበስ ብሎም ካልጠፋበት፤ ከዚያ ወሰን ውስጥ ገብቷል ማለት ነውና መጠንቀቅ ይገባዋል። ቢሆንም በዚህ ባሕር በሙቀት ልዩነት የተነሣ አየሩ ብርሃንን ከልማዱ ውጭ የሚያጎብጥበት ጊዜ ስላለ፤ ብልህ አዛዥ የውሃውን ጥልቀት ሳይለካና አቅጣጫውን በሌላ ምልክት ሳያረጋግጥ በአንድ መብራት ብቻ አይተማመንም።

በየብስ ያለውም ሰው ድርሻ አለው። በካርታው የተጻፈው ቁጥር እውነት የሚሆነው መስተዋቱ ሲወለወልና መብራቱ ሳይጓደል ሲበራ ነው። በ1962 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) በለንደን የተፈረመ ስምምነት፤ በደቡብ ቀይ ባሕር የነበሩትን የጀበል ጣይርንና የአቡ ዓሊን መብራቶች ወጪ ልዩ ልዩ መንግሥታት እንዲካፈሉት አድርጎ ነበር። ይህም መብራት የአንድ ወደብ ብቻ ሳይሆን የመንገደኛው ሁሉ ንብረት መሆኑን ያሳያል። መስተዋቱን የሚወለውለው ሠራተኛና ለሥራው ገንዘብ የሚፈቅደው ሹም፤ ፊቱን ከቶ የማያዩትን ሰው ወደ ቤቱ ይመልሱታልና ሥራቸውን አቅልለው ሊመለከቱት አይገባም።