የባዮሎጂ ዲግሪ በር የሚከፈተው በ10ኛ ክፍል ነው
(ለወላጆች የተደረገ ንግግር)



“ልጃችን ባዮሎጂ ትወዳለች፤ ዩኒቨርሲቲ ገብታ እንድትማረው ምን ያስፈልጋታል?” የሚል ጥያቄ ከወላጆች ደጋግመን እንሰማለን። መልሱን ባጭሩ እናቀርባለን።

በእስራኤል የባዮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪ አብዛኛውን ጊዜ 3 ዓመት ይፈጃል። ስሙ ባዮሎጂ ይሁን እንጂ፣ በ1ኛው ዓመት ከሴል ትምህርት ጎን ሒሳብ፣ ስታቲስቲክስ፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስ ይበዛሉ። ቀጥሎ ባዮኬሚስትሪ፣ ጄኔቲካና ማይክሮባዮሎጂ ይመጣሉ። በ3ኛው ዓመት ተማሪው ራሱ የሚመርጣቸው ኮርሶችና ሴሚናር አሉ። የላቦራቶሪ ሥራ ግዴታ ነው፤ ረጅም ሰዓትም ይወስዳል። እየሠራ ቤተሰቡን የሚረዳ ልጅ ይህን አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

ትምህርቱ ለእኛ ባዕድ አይደለም። እናቶቻችን በእርሾ ሊጥ ሲያቦኩ፣ አባቶቻችን ምርጡን ዛላ ለዘር ሲያስቀሩ ኖረዋል። ማይክሮባዮሎጂና ጄኔቲካ የሚመረምሩት ይህንኑ ነው። ልጆቻችንን ከደጅ የሚያስቀረው ሒሳቡ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ለመግባት በአብዛኛው የባግሩትና የፕሲኮሜትሪ ውጤት ይጠየቃል። እንግሊዝኛ ቢያንስ በ4 ዬሒዶት መሆን አለበት። ሒሳብ በ3 ዬሒዶት የባግሩት ምስክር ወረቀት ለማግኘት ይበቃል፤ ለባዮሎጂ ግን ብዙ ጊዜ አይበቃም። ልጁ በየትኛው የሒሳብ ቡድን እንደሚማር የሚወሰነው ደግሞ በ10ኛ ክፍል ገደማ ነው። ዝቅተኛው ቡድን ከገባ በኋላ ወደ ላይ መውጣት ከባድ ነው።

“3 ዬሒዶት ይሻለዋል፤ ይቀለዋል” ሲባል መምህርን አለመከራከር ከአገር ቤት ያመጣነው ጨዋነት ነው። መጠየቅ ግን ጨዋነትን አያጎድልም። ስለዚህ በወላጆች ስብሰባ ላይ ሦስት ነገር እንጠይቅ፤

1. ልጄ ሒሳብና እንግሊዝኛ በስንት ዬሒዶት ይማራል?
2. ወደ 4 ወይም ወደ 5 ከፍ እንዲል ምን ይጎድለዋል?
3. ትምህርት ቤቱ ምን የማጠናከሪያ ትምህርት ይሰጠዋል?

ዕብራይስጥ ቢያስቸግረን አስተርጓሚ እንጠይቅ። ልጁ ራሱ እንዲያስተረጉም ግን አናድርግ፤ የሚነገረው ስለ እርሱ ነውና።

በ3 ዬሒዶት የጨረሱም ተስፋ አይቁረጡ። መኺና ገብተው ሒሳባቸውንና እንግሊዝኛቸውን ማሻሻል ይችላሉ። ስለ ትምህርት ክፍያ እርዳታ ሚንሃል ሃስቱዴንቲም ሄደው ይጠይቁ። የመግቢያው ደንብ ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ስለሚለያይ፣ ከመመዝገባቸው በፊት ከራሱ ከዩኒቨርሲቲው ይረዱ።

መኺና መንገዱን ያቃናል፤ አንድ ዓመት ያህል ግን ይበላል። “ሳይቃጠል በቅጠል” እንዲሉ፣ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ልጅ ያለው ወላጅ በዚህ ሳምንት ትምህርት ቤቱን ይጠይቅ።