ጣሪያ የሌለው መስጊድ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



በአዲሱ ሕንፃችን ምረቃ ላይ ጥቂት ቃል እንዳሰማ ኮሚቴው ሲጠይቀኝ፣ ስለ ሲሚንቶና ስለ ብረት የሚናገር አይጠፋም ብዬ የአንድ ቀን ጉዞ ልነግራችሁ መረጥሁ።

በጥር 2011 ዓ.ም. ከመድረሳችን ደረሳዎች ጋር ከአዲስ አበባ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነሣን። ሱብሒን ደብረ ብርሃን ሰገድን። ሜዳው በውርጭ ነጥቶ ነበር፤ በውዱእ ውሃ የደነዘዘ እጃችንን ብብታችን ውስጥ ከትተን ተሳፈርን። ጣሊያን በወረራው ዘመን ያሠራውን የጣርማ በር ዋሻ አልፈን ወደ ደብረ ሲና ስንወርድ ጋቢው ከየትከሻው ተራ በተራ ወረደ። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ የቆላው ፀሐይ ተቀበለን። ከዚያ ከዋናው መንገድ ወጥተን፣ አንድ የአርጎባ ሽማግሌ እየመሩን፣ በግራርና በድንጋይ እርከን መካከል በእግር ተጓዝን።

መድረሻችን ኖራ ነበረች። ዛሬ ፍርስራሽ ናት፤ በኢፋት ሱልጣኔት ዘመን ግን ከተማ ነበረች። የመስጊዷ የድንጋይ ግድግዳ ከሰው ቁመት በላይ ቆሟል፤ ሚሕራቡም ወደ ሰሜን፣ ወደ መካ እንዳቀና ነው። በዙሪያው የቤቶች ፍራሽና መቃብሮች አሉ። ጣሪያ የለውም።

ሽማግሌው በሩ ዘንድ ሲደርሱ ጫማቸውን አወለቁ። አንድ ደረሳ፣ «አባባ፣ እሾህ አለኮ» ቢላቸው፣ «ልጄ፣ የወደቀው ጣሪያው ነው፤ ቤቱ የአላህ ነው» አሉት። ሁላችንም ጫማችንን አወለቅን። መንገደኞች ነበርንና ዙህርና ዐስርን አሳጥረንና ሰብስበን እዚያው ሰገድን።

ከሰላት በኋላ ለልጆቹ ታሪኩን ነገርኋቸው። የወላስማዎች ሥርወ መንግሥት በ1285 እ.ኤ.አ. የሸዋን ሱልጣኔት ጠቅልሎ ኢፋትን አጸና። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ሼኽ ዐብዱላህ አዝ-ዘይለዒ የተባሉ የአገራችን ዓሊም ግብፅ ሄደው ስለ ኢፋትና ስለሌሎቹ የሐበሻ ሙስሊም መንግሥታት ተናገሩ፤ አል-ዑመሪም ከእርሳቸው የሰማውን ጻፈው። ሱልጣኔቱ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከወደቀ በኋላ ኖራን ዳዋ ዋጣት። ተመራማሪዎች ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ ያጠኗትን ያህል ዛሬ እናውቃታለን። ከዘይለዒ አንደበት የተጻፈው ግን በየአገሩ ይነበባል። ካይሮ ላይ የተነገረ ቃል ስለ ተጻፈ ብቻ ይህን ሁሉ ዘመን ተሻገረ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ትንሹ ደረሳ፣ «ኡስታዝ፣ የኛ መስጊድ የመጀመሪያው ኢማም ማን ነበሩ?» ሲል ጠየቀኝ። ዝም አልሁ።

ዝም ያልሁበትን ምክንያት ዛሬ በፊታችሁ ልናገር። አሮጌው የጭቃ መስጊዳችን በ2006 ዓ.ም. ሲፈርስ፣ ከሚንበሩ ኋላ በነበረው ሣጥን ውስጥ በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ ደብተር ነበር። መሬቱን የለገሱ፣ ድንጋይ የተሸከሙ፣ ያቀሩ፣ ደረሳ ያበሉ ሰዎች ስም ነበረበት። «አይጥ የበላው ወረቀት ነው፤ ምን ይሁን?» ሲሉኝ፣ ሳልገልጠው «አውጡት» አልሁ። ከፍርስራሹ ጋር ተጭኖ ሄደ። ስህተቱ የኮሚቴው አይደለም፤ የኔ ነው። አላህ ይማረኝ፤ እናንተም ዐውፍ በሉኝ።

ቁርኣን በምድር ላይ ሄደን የቀደሙትን ፍጻሜ እንድናስተውል ደጋግሞ ያዘናል። እኔ ከኖራ የተማርሁት ይህን ነው፦ ግድግዳ ብቻውን አይናገርም። በዚያ ሚሕራብ ያሰገዱትን ኢማሞች ስም ሽማግሌው አልነገሩንም፤ እኔም በመጽሐፍ አላገኘሁትም። ምንዳቸው አላህ ዘንድ ነው፤ እኛ ግን ምሳሌያቸውን አጥተናል። የኛም ሕንፃ፣ ግንቡ ምንም ቢያምር፣ መጽሐፍ የሚከፈትበትና ታሪኩ የሚጻፍበት ካልሆነ ልጆቻችን የሚወርሱት ድንጋይ ነው።

ስለዚህ ኮሚቴው ዛሬ አዲስ መዝገብ እንዲከፍት እለምናለሁ። አሮጌው መስጊድ ሲሠራ ያዩ ጥቂት አባቶችና እናቶች በሕይወት አሉ። ወጣቶች፣ በየቤታቸው ሂዱ፤ ሻይ ይዛችሁ አጠገባቸው ተቀመጡ፤ የሚነግሯችሁን ከነቀኑና ከነስሙ ጻፉ። ለነገ አትበሉ፤ ነገ የሚኖረውን የሚያውቅ አላህ ብቻ ነው።

አላህ የቀደሙትን በራሕመቱ ይቀበል፤ ይህን ቤት የዒባዳና የዒልም ቤት ያድርግልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።