በናይሮቢ ወህኒ ቤቶች ያሉ ወገኖቻችንን ስለ መጠየቅ

(በናይሮቢ ለተሰበሰቡ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች የተደረገ ንግግር፤ በካምፕ ላሉ አንባብያን እንዲደርስ የቀረበ)



በአገራችን ሰው ታሰረ ሲባል ዘመዱ ስንቅ ቋጥሮ ወህኒ ቤት ደጃፍ ይገኛል። እዚህ ግን የታሰረው ልጅ እናቱ ያለችው ሆሳዕና ነው፤ መታሰሩንም አልሰማች ይሆናል። ስለዚህ በናይሮቢ ያለን ክርስቲያኖች ወንጌል ይዘን ወደ እስረኛ ስንሄድ አስቀድመን የዘመዱን ቦታ እንሙላ እንላለን። የዛሬው ንግግራችንም ስለዚሁ ነው።

ከታሰሩት ወገኖቻችን ብዙዎቹ ከሐዲያና ከከምባታ ተነስተው፣ በሞያሌ አቋርጠው ደቡብ አፍሪካ ለመድረስ ለደላላ የከፈሉ ወጣቶች ናቸው። በጭነት መኪና ላይ ወይም በአንድ ክፍል ታጭቀው ይያዛሉ። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው የኬንያ የዜግነትና የኢሚግሬሽን ሕግ ያለ ፈቃድ አገር ውስጥ የተገኘን ሰው እስከ 500,000 ሺሊንግ መቀጮ ወይም እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም በሁለቱም ሊያስቀጣው ይችላል። መቀጮውን የሚከፍልለት የሌለው ይታሰራል። ፍርዱን ጨርሶም ወደ አገሩ የሚላክበት ገንዘብ እስኪገኝ የሚቆይ አለ።

የኬንያ ወህኒ ቤቶች በር ለጠያቂ የተከፈተው ሙዲ አዎሪ ምክትል ፕሬዚዳንት በነበሩበት ከ2003 እስከ 2007 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ በተደረገው መሻሻል ነው። ወህኒ ቤቶቹ የራሳቸው ቄሶች አሏቸው። ስብከቱና መዝሙሩ ግን በስዋሂሊና በእንግሊዝኛ ነው። ከሐዲያ ገጠር የመጣው ልጅ ከመካከላቸው ተቀምጦ ምን ይሰማል?

ቋንቋ ማጣት ከስብከትም በላይ ይጎዳዋል። በ2010 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የኬንያ ሕገ መንግሥት፣ የችሎቱን ቋንቋ የማያውቅ ተከሳሽ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ እንዲቆምለት ያዛል። ልጁ ይህን ካላወቀ አስተርጓሚ አይጠይቅም፤ የተባለው ሳይገባው «አዎ» ብሎ ጥፋቱን ያምናል። ከመካከላቸውም ስደት ፈልጎ የመጣ ሊኖር ይችላል። በ1951 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የስደተኞች ስምምነት፣ አደጋ ካለበት አገር በቀጥታ መጥቶ ሳይዘገይ ራሱን ለባለ ሥልጣን ያቀረበ ስደተኛ ስለ አገባቡ ብቻ እንዳይቀጣ ይላል። ጠያቂው አዳምጦ ይህን ለሕግ አዋቂ ካላደረሰ ማን ያደርስለታል?

ሐዋርያው ጳውሎስ ራሱ እስረኛ ሆኖ ሳለ ከጌታው ስለ ኮበለለው ስለ አናሲሞስ ወደ ፊልሞና ደብዳቤ ጽፏል። አንድ ሙሉ መልእክት ለአንድ ሰው ጉዳይ! እኛም በወህኒ ቤት ደብዳቤ መጻፍን ከአገልግሎቱ እንቆጥረዋለን።

በእንግሊዝ አገርም ኤልሳቤጥ ፍራይ የተባለች ክርስቲያን ሴት በ1813 እ.ኤ.አ. በለንደን ኒውጌት ወህኒ ቤት ገብታ፣ ሴቶች ከነልጆቻቸው ተፋፍገው ብታይ ልብስ አመጣችላቸው። ከጥቂት ዓመታት በኋላም ለልጆቹ እዚያው ወህኒ ቤት ውስጥ ትምህርት ቤት እንዲከፈት አደረገች፤ ለእናቶቹም የልብስ ስፌት ሥራ ተሰጣቸው፣ መጽሐፍ ቅዱስም ይነበብላቸው ነበር። አስተማሪዎች ስለሆንን ይሆናል፣ ይህ ታሪክ ልባችንን ይነካዋል። በኬንያም ሕጉ ሕፃን እስከ 4 ዓመቱ ከታሰረች እናቱ ጋር እንዲቆይ ይፈቅዳል። በላንጋታ የሴቶች ወህኒ ቤት የምትጠይቁ እህቶች ሳሙና ስትይዙ የልጅ ልብስም አስቡ።

አሁን ደስ የማይል ነገር እንናገር። አንዳንድ ሰባኪ ወህኒ ቤት ገብቶ አንድ ሰዓት ይሰብካል፣ ጌታን የተቀበላችሁ እጃችሁን አንሡ ይላል፣ የተነሣውን እጅ ይቆጥራል፣ ፎቶግራፍ አንሥቶ ይሄዳል። ሳሙናውንም እጁን ላነሣ ብቻ ያድላል። የተቸገረ ሰው ለሳሙና እጁን ቢያነሣ አይፈረድበትም፤ የሚፈረደው በቆጣሪው ላይ ነው። ከታሰሩት መካከል ሙስሊሞች አሉ፣ ኦርቶዶክሶች አሉ፣ ከአገራቸው ጀምረው የቃለ ሕይወት ምእመን የሆኑም አሉ፤ እነዚህ ወንጌልን ከእኛ በፊት የሚያውቁ ናቸው። ሳሙናና ስኳር ለሁሉም እኩል ይሰጥ፤ ቃሉን የሚፈልግ ይጠይቀናል፣ ያን ጊዜ እንነግረዋለን። ፎቶግራፍስ? ከአገሩ የሸሸበት ምክንያት ያለው ሰው አለና ፎቶግራፍ ይቅር። እኛም ስማቸውን በዚህ ጽሑፍ አናወጣም።

ከካምፕ ለመውጣት የመንቀሳቀሻ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ እናውቃለን፤ ስለዚህ ወደ ናይሮቢ ኑ አንላችሁም። ሐዲይኛ፣ ከምባትኛ፣ ወላይትኛ ወይም ኦሮምኛ የምትጽፉ ግን ልትረዱን ትችላላችሁ። አንዳንዱ ልጅ የቤቱ ስልክ ጠፍቶበት የሚያስታውሰው የቀበሌውንና የቤተ ክርስቲያኑን ስም ብቻ ነው። አካባቢውን የምታውቁ መልእክቱን ለቤተ ሰቡ የምናደርስበትን መንገድ ጻፉልን። ለእያንዳንዳቸውም አንድ ገጽ ደብዳቤ በቋንቋቸው ጽፋችሁ ላኩ፤ ማንበብ ለማይችለው እኛ እናነብለታለን።