ስታዲየሙ ባዶ ሲሆን ካዝናው ለምን አልጮኸም?

(በአዲስ አበባ በተካሄደ የእግር ኳስ ደጋፊዎች ውይይት ላይ የተደረገ ንግግር፤ ለጋዜጣው እንዲመች በመጠኑ አጥሯል።)



አስቀድሜ ማን መሆኔን ልናገር። እኔ ኳስ ተጫውቼ አላውቅም፤ አሠልጣኝም አይደለሁም። ኮሮና በገባበት ዘመን በአንድ የክልል ከተማ ክለብ ሒሳብ ያዥ ነበርኩ። ክለቡን በስሙ አልጠራውም፤ ብጠራውም ፋይዳ የለውም። ዛሬ የተጋበዝኩት ወረርሽኙ ክለቦቻችንን ምን እንዳደረጋቸው እንድናገር ነው። ብዙ ሰው መልሱን የሚያውቀው ይመስለዋል፤ "በሩ ተዘጋ፣ ትኬት አልተሸጠም፣ ክለቦች ከሠሩ" ይላል። እኔ ደረሰኝ ሳገላብጥ የኖርኩ ሰው ነኝና ነገሩ እንደዚያ አይደለም ባይ ነኝ።

እስቲ ጊዜውን እናስታውስ። በአገራችን የመጀመሪያው በሽተኛ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ሊጉ ብዙ ሳይቆይ ቆመ። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። አራት ሰው ደግሞ ካርታ እንጂ ኳስ አይጫወትም! (ሳቅ) በሚያዝያ መጨረሻ ገደማ፣ ከ30 ሳምንት ጨዋታ ግማሹን ጥቂት አለፍ እንዳለ፣ ውድድሩ ጨርሶ ተሰረዘ። ሻምፒዮን የለ፣ ወራጅ የለ፣ አዳጊ የለ። እንዳልነበረ ሆነ።

ለምን ተሰረዘ ብዬ አልከስም። በሽታው የሚያስፈራ ነበር፤ ሆስፒታሎቻችን ምን እንዳላቸውና ምን እንደሌላቸው ሁላችንም እናውቃለን። ሆላንዶችም ያለ ሻምፒዮን ያለ ወራጅ ዘግተዋል። እኔን የከነከነኝ ሌላ ነገር ነው። እኛ ሊጉን ሰርዘን ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ግንቦት 16 ቀን 2020፣ ጀርመኖች በባዶ ስታዲየም ኳሳቸውን ጀመሩ። ጀርመን ኮሮና አይዘውም? ይዘዋል እንጂ! ነገር ግን ጨዋታ ከሌለ የቴሌቪዥን ገንዘብ የለም፤ የቴሌቪዥን ገንዘብ ከሌለ ደግሞ በርከት ያሉ ክለቦች በራቸውን ሊዘጉ ነው። ስለዚህ ተጨነቁ፣ ተመራመሩ፣ የምርመራ ሥርዐት አወጡ፣ ተጫወቱ። ባየርን ሙኒክ፣ ዶርትሙንድ፣ ላይፕዚግና ሌቨርኩሰን ደግሞ ለተቸገሩት ክለቦች 20 ሚሊዮን ዩሮ አዋጡ።

እኛስ ለምን አልተጨነቅንም? የእኔን ክለብ ልንገራችሁ። ከትኬት የሚገባልን ገንዘብ ለተጓዥ ቡድን አበል እንኳ የሚበቃ አልነበረም። ደሞዙ፣ ነዳጁ፣ ማሊያው፣ ሁሉም ነገር የሚመጣው ከከተማው አስተዳደር ነው። ማለትም ከግብር ከፋዩ፤ ስታዲየም ረግጦ ከማያውቀው ሱቅ ጠባቂና ከእናት ጉሊት ጭምር። የብዙዎቹ የክልል ከተማ ክለቦች ኑሮ ይኸው ነው። ሕዝቡ ቢመጣም ባይመጣም በጀቱ ይለቀቃል ወይም አይለቀቅም፤ የሚወስነው አንድ ፊርማ ነው። ስታዲየሙ ባዶ ሲሆን ካዝናው ያልጮኸው ለዚህ ነው። ቀድሞውንም ተመልካቹን አይቆጥረውም ነበራ!

የጮኸው ሌላ ቦታ ነው። ከተማው "ገንዘቡ ለኮሮና ነው" አለ፤ ማን እምቢ ይላል? ለጭምብል፣ ለለይቶ ማቆያ፣ ለሳሙና። የእኛ ተጫዋቾች ደሞዝ ቆመ። የዐዋጁ ደንብ ሠራተኛ ማሰናበትን ከልክሎ ነበርና ማንም አልተባረረም፤ ባለመባረሩ ብቻ ግን ማንም እንጀራ አልበላም። ከክለቡ ልጆች አንዱ በየሰኞው ይደውልልኝ ነበር።

"ጋሼ፣ ገባ እንዴ?"

"አልገባም የኔ ልጅ።"

"እሺ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ።"

እግዜር ይስጥልኝ ብሎ ስልኩን ሲዘጋው ነው አንጀቴን የሚበላኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ይህ ልጅ ለእናቱ ቤት ኪራይ የሚከፍል፣ ሁለት ታናናሾች የሚያስተምር ነው። እናንተ በየጋዜጣው የምታነቡት የ50 ሺህ ብር የደሞዝ ጣሪያ በ2011 ሲወጣ እሱ ጣሪያውን አይደለም፣ ግድግዳውንም አልነካው። የታዳጊ ቡድናችን ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ ፈረሰ። ስብሰባም አልተጠራለት፤ ቁልፉ ተረከበና አለቀ።

በሌላው ወገን ጊዮርጊስንና ቡናን ተመልከቱ። እነዚህ ሁለቱ ከብዙዎቹ በተለየ በደጋፊና በስፖንሰር የሚኖሩ ናቸው። ሕዝብ ሲቀርባቸው እውነተኛ ገቢ ይቀርባቸዋል። እንግዲህ ፍርዱን እናንተ ስጡ፤ ወረርሽኙ ክፉኛ የመታው በሕዝቡ ላይ የቆመውን ክለብ ሆነ ማለት ነው! በከተማ በጀት የቆመው የከንቲባውን ፊት ያያል፤ በሕዝብ የቆመው የሰማዩን። ከነሱም ጋር ሚስማር ተራ ቆሎ የምትሸጠዋ፣ ስታዲየም ዙሪያ ስካርፍ ዘርግቶ የሚውለው ልጅ፣ ከጨዋታ በኋላ ቢራ የሚቀዳው ሁሉ ተመታ። ለነሱ የሚተርፍ በጀት በማን መዝገብ ላይ ሰፍሯል?

ወደ 2013 ልለፍ። ሊጉ ታኅሣሥ 3 ቀን ሲጀመር ክለቦቹ 13 ነበሩ። ጦርነቱ ተነሥቶ የትግራዮቹ ሦስት ክለቦች፣ መቐለ 70 እንደርታ፣ ወልዋሎና ስሑል ሽረ፣ አልመጡም። ስለነሱ በዚያ ዓመት ብዙ ሰው ዝም ማለቱን ዛሬም አልረሳሁትም። ውድድሩ ደግሞ በየክለቡ ሜዳ መሆኑ ቀርቶ ሁሉም በአንድ ከተማ እየተሰበሰበ ሆነ፤ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ። ዓመቱ አብዛኛው ያለ ተመልካች ወይም በጥቂት ተመልካች አለፈ።

አሁን ሒሳብ ያዡ ይናገር። በዱሮው ሥርዐት 12 ጊዜ ከሜዳህ ውጭ ትጫወታለህ እንበል። በየጉዞው ሦስት ሌሊት፣ 30 ሰው፦ 1,080 አልጋ። በአዲሱ ሥርዐት በአምስት ከተማ፣ አነስ አድርገን በየከተማው 21 ሌሊት ብቻ ብንይዝ፣ 30 ሰው፦ 3,150 አልጋ። ሦስት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው! ቁርስ ምሳ ራቱ፣ ላውንደሪው፣ ምርመራው፣ ሳኒታይዘሩ ገና አልገባበትም። የአስተናጋጁ ከተማ ክለብ በተራው ቤቱ ያድራልና እሱን ቀንሱለት። የቀረነው ግን ከትኬት ሳንቲም ሳናገኝ የሆቴል ደንበኛ ሆነን ከረምን። በሽታን ለመከላከል የወጣው ሥርዐት ለድኻ ክለብ ከበሽታው የማይተናነስ ወጪ ይዞ መጣ።

ሐቁን ለመናገር ግን ጥቅምም ነበረው። ውድድሩ በአንድ ሜዳ መሆኑ ለቀረጻ ተመቸ። የሊጉ አክሲዮን ማኅበር ከመልቲቾይስ ጋር ለአምስት ዓመት የ68 ሚሊዮን ዶላር ውል መፈረሙ ተነገረ፤ ጨዋታው በዲኤስቲቪ መታየት ጀመረ። ፋሲል ከነማ ዋንጫ ሲያነሣ፣ የቡናው አቡበከር ናስር 29 ጎል ሲያስቆጥር ከአገር ውጭ ያለውም ዐየ። እሰየው! የኢትዮጵያ ኳስ ዋጋ እንዳለው የታወቀው ስታዲየሙ ባዶ በነበረበት ዓመት መሆኑ ግን የሚገርም ነው። ዲኮደር መግዛት የማይችለው የካታንጋ ልጅ ሬዲዮኑን ጆሮው ላይ ለጥፎ ከረመ።

እገዳው ሁሉን በእኩል አላሠረም። ታላቁ ሩጫን ውሰዱ። ከኅዳር ወደ ጥር 2013 ገፍተውት፣ በዐሥር ሺዎች ይቆጠር የነበረውን ሯጭ አሳንሰው፣ በቡድን በቡድን ከፋፍለው አስነሥተው አካሄዱት። ለምን? ሯጩ ካልከፈለ፣ ቲሸርቱ ካልተሸጠ ሩጫው የለማ! ከሰዉ ኪስ የሚኖር ድርጅት መላ ይፈልጋል።

አንድ ጉዳይ ልጨምር። ፊፋ በዚያ ዓመት ለእያንዳንዱ አባል ፌዴሬሽን 1 ሚሊዮን ዶላር፣ በተጨማሪም ለሴቶች እግር ኳስ 500 ሺህ ዶላር የኮሮና ድጋፍ መድቧል። ተበላ አላልኩም፤ እንዲህ ብሎ የሚጽፍብኝ ካለ ከወዲሁ አስተባብላለሁ። (ሳቅ) እያንዳንዱ ብር የትኛው ክለብ፣ የትኛዋ ተጫዋች ዘንድ እንደደረሰ በአደባባይ ይነበብ ነው የምለው። ሒሳብ ማንበብ ማንንም አያስቀይምም። ካስቀየመ ደግሞ ምክንያት አለው።

ኮሮናው ጋብ ሲል ሁሉ ወደ ነበረበት ይመለሳል ብዬ ነበር። ጭምብሉ ወለቀ፣ ገበያው ተከፈተ፤ ሊጉ ግን በቀጣዮቹ ዓመታትም ከከተማ ከተማ እየዞረ በአንድ ሜዳ መጫወቱን ቀጠለ። አንዱ ምክንያት የሜዳ ችግር ነው፤ የአዲስ አበባ ስታዲየም ለእድሳት ተዘጋ፣ ካፍም ስታዲየሞቻችንን ለዓለም አቀፍ ጨዋታ አይሆኑም ብሎ ብሔራዊ ቡድናችን "የሜዳውን" ጨዋታ በሰው አገር እንዲጫወት ሆነ። ሌላው ምክንያት ቀረጻው ነው። ይኹን፤ ግን በዚህ ሁሉ ውስጥ "ደጋፊው በከተማው ቡድኑን የሚያየው መቼ ነው?" ብሎ የጠየቀ ባለሥልጣን በእኔ ጆሮ አልሰማሁም።

ስለዚህ የየክለባችሁ ጠቅላላ ጉባኤ ሲጠራ ወንበር ለመሙላት አትሂዱ። ሦስት ቁጥር ጠይቁ፦ ከትኬትና ከአባልነት መዋጮ ስንት ገባ? ከከተማው ወይም ከድርጅቱ በጀት ስንት ገባ? ለተጫዋቾች ያልተከፈለ ውዝፍ ስንት ነው? ሒሳብ ያዡ "ሪፖርቱ ገና አልተጠናቀቀም" ካለ አትመኑት፤ ሦስቱም ቁጥሮች በአንድ ገጽ ላይ ናቸው፣ እኔ ራሴ ስሞላው የኖርኩት ገጽ ነው።