ውል ከፊርማ እስከ ነጋሪት



በዛሬው ንግግራችን የምናነሣው፥ መንግሥታት እርስ በርሳቸው የሚዋዋሉት ውል በአገር ውስጥ ሕግ የሚሆንበትን መንገድ ነው። ብዙ ሰው መልእክተኛው በፈረመበት ቀን ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል፤ ዳሩ ግን ፊርማ መጀመሪያው እንጂ መጨረሻው አይደለም።

በ1987 ዓ.ም. የታወጀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ሥራውን ለሦስት ከፍሎታል። አስፈጻሚው ክፍል ይዋዋላል፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በአንቀጽ 55 መሠረት ያጸድቃል፤ የሪፐብሊኩ ፕሬዚዳንት በአንቀጽ 71 መሠረት በነጋሪት ጋዜጣ ያውጃል። የጸደቀውም ውል የአገሪቱ ሕግ አካል መሆኑን አንቀጽ 9 ይደነግጋል።

ነጋሪት የሚለው ስም በከንቱ የተሰጠ አይደለም። ቀድሞ አዋጅ የሚነገረው ነጋሪት ተጎስሞ፥ ሕዝቡ ተሰብስቦ ነበር። በ1934 ዓ.ም. የተቋቋመው ጋዜጣ ይህንኑ ስም ወረሰ። የሚጎሰመውም ድምፁ እንዲያስተጋባ ሳይሆን የታወጀው ቃል እንዲሰማ ነው።

እንግዲህ ችግሩ እዚህ ላይ ይገኛል። ውል ሲጸድቅ ብዙ ጊዜ በጋዜጣው የሚወጣው መጽደቁን የሚገልጽ አጭር አዋጅ ነው፤ የውሉ ቃል በሙሉ አይታተምም። የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአዋጅ ቁጥር 10/1984 ሲጸድቅ የሆነው ይኸው ነው። በዚህም ምክንያት አንዳንድ የሕግ ዐዋቂዎች ቃሉ ያልታተመ ውል ዳኛን ያስገድዳልን ብለው ሲጠይቁ፥ ሌሎች መጽደቁ ይበቃል ይላሉ።

ነገሩ የመጻሕፍት ክርክር ብቻ አይደለም። አንድ ሕፃን ካሳደገችው አክስቱ ተወስዶ ለአባቱ ይሰጥ ወይስ አይሰጥ የሚለው ጉዳይ ለፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ቀረበ። የበታች ፍርድ ቤቶች ለአባቱ ወስነው ነበር። ሰበር ችሎቱ ግን ይህንኑ ኮንቬንሽን ጠቅሶ፥ ከሁሉ የሚቀድመው የሕፃኑ ጥቅም ነው በማለት ልጁ ከአክስቱ ጋር እንዲኖር በ2000 ዓ.ም. ፈረደ።

የአንድን ልጅ ቤት ለመወሰን የተጠቀሰውን የኮንቬንሽኑን ቃል ግን፥ ዳኛም ሆነ ወላጅ ነጋሪት ጋዜጣን ገልጦ ቢፈልገው አያገኘውም።

ስለዚህ በየመሥሪያ ቤቱ የአዋጅ ረቂቅ የምታሰናዱ ወገኖቻችን ሆይ፤ የውሉን የአማርኛ ትርጉም አጥርታችሁ ከረቂቁ ጋር አያይዛችሁ አቅርቡ፤ አብሮ እንዲታተምም አሳስቡ። ነጋሪቱ ተጎስሞ ቃሉ ካልተነበበ፥ የተሰበሰበው ሰው ምን ሰምቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል?