ስለ ኤራስት ፓርማስቶ የተደረገ ንግግር



ስለ ጦር አለቆች የሚናገር ብዙ ሰው አለ። እኔ ግን የተነሣሁት የጅብ ጥላን ሲመረምር ስለ ኖረ አንድ የኤስቶኒያ ሊቅ ልነግራችሁ ነው። ኤራስት ፓርማስቶ በ1928 ዓ.ም. በታሊን አጠገብ በኖሜ ተወለደ፤ ዘመኑን ሁሉ የምናገረው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ገና 12 ዓመት ሳይሞላው፣ በ1940፣ አገሩ በሶቪየት ኅብረት ተያዘች። ነጻነቷን መልሳ ስታገኝ፣ በ1991፣ እርሱ የ62 ዓመት ሰው ነበረ። በታርቱ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን የፈጸመው በ1952 ነው።

የመረጠው ዣንጥላ የሚመስለውን እንጉዳይ አልነበረም። በወደቀ ግንድ ሆድ ላይ እንደ ኖራ ልስን ተለጥፎ የሚገኘውን ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ማን ጐንበስ ብሎ ያየዋል? ነገር ግን እንጨትን የሚያጠነክረውን ሊግኒን የተባለውን ነገር አፍርሰው ወደ አፈር የሚመልሱት በተለይ እንደነዚህ ያሉት ናቸው። እነርሱ ባይኖሩ ዱር ሁሉ በራሱ ሬሳ በተሞላ ነበር። ፓርማስቶም ይህን ፍለጋ እስከ ሩቅ ምሥራቅ እስያ ድረስ ሄዷል።

ችግሩ ሁሉም ልስን መምሰላቸው ነው። መልካቸው አንድ ነውና የቀደሙት ሊቃውንት ባንድ ቤተሰብ ይሰበስቧቸው ነበር። ፓርማስቶ በማይክሮስኮፕ ውስጣቸውን እየመረመረ በ1968 ስለዚሁ ቤተሰብ ሥርዓት ርእሱ በላቲን የሆነ ትልቅ መጽሐፍ በታርቱ አሳተመ። በኋላ የዲኤንኤ ምርመራ ሲመጣ ግን ልስን መሳዮቹ እጅግ የተራራቁ ነገዶች ሆነው ተገኙ፤ ቤተሰቡም ተበታተነ። ይህ ለሊቁ ውርደት ነው የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እኔ ግን አይመስለኝም፤ ምክንያቱም የሚበትኑት ሰዎች እርሱ አስቀድሞ የለያያቸውንና የገለጻቸውን ዓይነቶች ይዘው ነው።

እርሱ ራሱም መለኪያውን ሳይጠራጠር አልኖረም። የእንጉዳይ ዘር፣ ማለት ስፖር፣ ብዙውን ጊዜ ርዝመቱ ከአንድ ሚሊሜትር ሺሕ እጅ ጥቂት እጥፍ ብቻ ነው። ጥቂት ስፖር ለክቶ አዲስ ዓይነት አገኘሁ ማለት ቀላል ነው። ፓርማስቶና እንደ እርሱ የእንጉዳይ ሊቅ የሆነችው ባለቤቱ ኢልሚ ግን የስፖር መጠን በአንዱ ዓይነት ውስጥ ምን ያህል እንደሚለያይ ለክተው በ1987 መጽሐፍ አወጡ።

በ1972 የኤስቶኒያ የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆነ፤ በ2012 ዐረፈ። በ2005፣ እርሱ በሕይወት ሳለ፣ የፊንላንድ ሊቃውንት አንዱን የእንጉዳይ ወገን በስሙ ኤራስቲያ ብለውታል። በሞተ የጥድ ግንድ ላይ ተለጥፎ የሚበቅል፣ ቀለሙም ሮዝና ብርቱካን የተቀላቀለበት ነው።